በረዶ ስስል ኖራ እየመሰለብኝ ተቸገርኩ፤ ነጭን እንዴት ነው የምትቀቡት?

የበሬሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ቀን ቀን የሱፍ ምንጣፍ የሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ ክር ማቅለሚያው ክፍል እሠራለሁ። ማታ ማታና እሑድ እስላለሁ። የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባሁም። በዘይት ቀለም መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ጎረቤቴ አንዲት እናት አሉ። እማማ ነው የምላቸው። የመጨረሻ ልጃቸው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ይኖራል። ከሄደ ስድስት ዓመት አለፈው። አምና እዚያው ከተማ ካለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ፖስት ካርድ ገዝቶ በሰው ላከላቸው። ፖስት ካርዱ ላይ ያለው የፖል ሲኛክ ሥዕል ነው። በ1886 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የተሳለ፣ ቡልቫር ደ ክሊሺ የሚባለው የፓሪስ ጎዳና በበረዶ ተሸፍኖ። ልጁ ከጀርባው "እማዬ፣ የኔም ሰፈር በክረምት እንዲህ ነው የሚሆነው" ብሎ ጽፎበታል።

እማማ ፖስት ካርዱን ከሥዕለ ማርያም ዝቅ አድርገው ግድግዳው ላይ ሰክተውታል። ዓይናቸው ደክሟል። አንድ ቀን ቡና ጠርተውኝ ሳለ "አንቺ ልጅ፣ ይኼን በትልቁ አታደርጊልኝም? ልጄ የሚረግጠውን መንገድ ልየው" አሉኝ። ይህ እንዴት እምቢ ይባላል?

አቡጀዲ ወጠርኩ። ስልሳ በሰማንያ። ኮላና ጅፕሰም ቀባሁት። ከዚያ በረዶው ነጭ ነው ብዬ ነጩን በደንብ አድርጌ ለጠፍኩበት። ዛፎቹን ጥቁር አደረግኋቸው። ስጨርስ ጎዳናው ለፋሲካ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መሰለ። እማማም አዩትና ዝም አሉ። ከቆይታ በኋላ "ይኼስ ይሰብራል፤ የልጄ ለስላሳ ነው" አሉኝ። ከዚያ ቃል በላይ የመከረኝ የለም። ግን ለስላሳውን ከየት ላምጣው?

በሁለተኛው ፖስት ካርዱን በስልክ ፎቶ አንሥቼ አጎላሁት። ደነገጥኩ። ነጭ የሚባል ነገር ፈልጌ አጣሁ። ያለው ፈዛዛ ሐምራዊ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ክሬም ነው። አጫጭር የቡሩሽ ጭረቶች፣ ጎን ለጎን። እኔም ጭረት ጭረት አድርጌ ሞከርኩ። ቀለሞቹ እርስ በርሳቸው ተለውሰው ጭቃ ሆኑ። ይባስ ብሎ የተልባ ዘይት አልቆብኝ ስለነበር ቀለሙን በምግብ ዘይት አቅጥኜው ነበር። አምስት ሳምንት ሆነው፤ አሁንም እጅ ይይዛል።

ሌላው ችግሬ፣ እውነቱን ልናገርና፣ በረዶ አይቼ አላውቅም። የማውቀው ከኅዳር እስከ ጥር የሚጥለንን ውርጭና ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን በረዶ ነው። አማርኛችን ያንንም ይኼንንም በረዶ ይለዋል እንጂ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ይገባኛል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። በረዶ ያየ ሰው ምን እንደሚመስል ይንገረኝ። ሠዓሊ የሆነ ሰው ነጩን እንዴት እንደምሠራው ያሳየኝ። ሦስተኛው ሸራ ተወጥሮ ቆሟል፤ ላበላሸው አልፈልግም።

---

የሰላ ድንጋይ ልጅ (ሚኒያፖሊስ)

እህቴ፣ ጽሑፍሽን አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሳነበው ዓይኔ እንባ ሞላ። እናቴ ሰላ ድንጋይ ናት። እኔም ፖስት ካርድ ልኬላታለሁ፤ የሐይቅ ነበር።

ያንን ሥዕል በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሙዚየሙ መግቢያው ነፃ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ፣ ሥራ ሳላገኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ እገባ ነበር። ይሞቃል። ማንም ምን ፈልገህ ነው አይልህም። አንድ ቀን እዚያ ሥዕል ፊት ቆምኩ። ቀርበሽ ስታይው ጭረት ብቻ ነው። ምንም አይገባሽም። አራት እርምጃ ወደኋላ ስትይ ብርዱ ፊትሽን ይመታሻል።

አሁን በረዶው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ትልቁ ልዩነት ድምፅ ነው። የኛ በረዶ ሲመጣ ቆርቆሮው ይጮኻል፤ ቤት ውስጥ ሰው ከሰው አይሰማማም። የዚህኛው ድምፅ የለውም። ሌሊት ይጥላል፤ ጠዋት ስትነቂ የምታውቂው የከተማ ጫጫታ ጠፍቶ ታገኚዋለሽ። በመጋረጃው በኩል የሚገባው ብርሃን ሌላ ነው፤ ጣሪያው ከታች በኩል ይበራል። ያኔ በረዶ መጣሉን ሳታዪው ታውቂያለሽ።

ሁለተኛው ጠርዝ ነው። የኛው ሽምብራ እንደተደፋ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይቀመጣል። ይኼኛው ግን እንደ ጋቢ ነው። አጥሩን፣ መኪናውን፣ የቆሻሻ ገንዳውን ያለብሰዋል፤ ሹል የነበረው ሁሉ ይዶለዱማል። እማማ "ለስላሳ" ያሉት እሱን ነው። እንዴት እንዳወቁት ገርሞኛል።

ቀለሙን ካልሽ ደግሞ፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እዚህ ፀሐይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ከሥራ ስወጣ ሁሉም ሰማያዊ ነው። መንገዱ፣ ጣሪያው፣ የዛፉ ቅርንጫፍ ሁሉ። መስኮት ላይ መብራት ሲበራ ደግሞ ያ ሰማያዊ ላይ ብርቱካን የመሰለ አራት ማዕዘን ይወድቃል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ብርቱካናማ አላየሁም።

ሦስት ቀን ካለፈው ግን መኪናና መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ያጠቁሩታል። መሐል መንገዱ ቡናማ ጭቃ ይሆናል። ነጭ የሚቀረው ሰው ያልረገጠው ብቻ ነው። ሰው የረገጠውንና ያልረገጠውን ለይተሽ ሳዪው።

እማማን ሰላም በይልኝ። ልጃቸው የሚረግጠውን እኔም እረግጠዋለሁ፤ ጫማችን ወፍራም ነው በያቸው።

---

ቀለም ደባላቂ (አዲስ አበባ)

ከመጨረሻው ልጀምር። የምግብ ዘይቱን ዛሬውኑ ተይው። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። የተልባ ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ራሱን ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለውጣል፤ መድረቅ የምንለው እሱን ነው። እንደ ፓልም ያለ የምግብ ዘይት ይህን አያውቅም። ዓመት ብትጠብቂው ቅባት ሆኖ ይቀራል። ያንን ሁለተኛ ሸራ ፍቀሽ አውርጂው እንጂ በላዩ አትቀቢ። ለማቅጠኛ በመጀመሪያው ሽፋን ላይ ትንሽ አኳራጅ፣ ከዚያ በኋላ ለሥዕል የተጣራ የተልባ ዘይት። ዘይት ያነሰበት ከታች፣ ዘይት የበዛበት ከላይ። ተቃራኒውን ካደረግሽ ይሰነጠቃል። የደብረ ብርሃን ብርድም መድረቁን ስለሚያዘገየው ከኛ የበለጠ ትዕግሥት ያስፈልግሻል። ሸራውን ከምድጃ ጭስ አርቀሽ ብርሃን ያለበት ቦታ አቁሚው።

ወደ ነጩ እንምጣ። ገበያው ላይ ያለው ቲዩብ ቲታኒየም ነጭ ነው። በጣም ኃይለኛ ነው። ትንሽ ጠብ ካደረግሽ ሌላውን ቀለም ሁሉ ይውጠዋል፤ ያ ነው ኖራ ያስመሰለብሽ። ሲኛክ በ1886 ይህ ቀለም አልነበረውም። ቲታኒየም ነጭ ገበያ የገባው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። እነሱ የነበራቸው የእርሳስ ነጭና የዚንክ ነጭ ነው። የእርሳሱ መርዝ ስለሆነ አትመኚው። ዚንኩን ካገኘሽ ለስለስ ይላል፤ ግን ብቻውን በወፍራሙ አትለጥፊው፤ ሲደርቅ ተሰባሪ ነው። በቲታኒየምም ይሠራል። መጀመሪያ ግራጫሽን አዘጋጂ፤ አልትራማሪን ሰማያዊ በርንት ሲየና ከሚባለው ቡናማ ጋር። ያ ግራጫ ላይ ነጩን ጨምሪ እንጂ ነጭ ላይ ግራጫ አትጨምሪ። ከቲዩቡ የወጣውን ንጹሕ ነጭ ለመጨረሻዋ ሰዓት አስቀምጪው። ምናልባት ሦስት ቦታ ብቻ ትነኪበታለሽ።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። ካርቶን ላይ የጥፍር ያህል ቀዳዳ ብሺ። በቀዳዳው ፖስት ካርዱን እዪው። በረዶ ነው ብለሽ ያሰብሽውን ቦታ ብቻውን ስታዪው ሐምራዊ ይሆናል። አእምሯችን "በረዶ ነጭ ነው" ብሎ ስለወሰነ ዓይናችንን ያሸንፈዋል። ቀዳዳው አእምሮን ዝም ያሰኘዋል።

ጭረቶቹ ጭቃ የሆኑብሽ የታችኛው ሳይደርቅ በላዩ ስለሄድሽ ነው። ሱራ የሚባለው ሠዓሊና ሲኛክ ቀለሙን ፓሌት (መለወሻ ሰሌዳ) ላይ ከመለወስ ይልቅ ጎን ለጎን አስቀምጠው ዓይን እንዲቀላቅለው ነው የፈለጉት። ስለዚህ እያንዳንዱ ጭረት ንጹሕ ሆኖ መቆም አለበት። አንድ ቀለም አስቀምጪ፣ ይድረቅ፣ ሌላውን በክፍተቱ። ሲኛክ ይህን ሲሠራ 22 ዓመቱ ነበር፤ ዘዴውን ገና እየተማረው ነበር። አንቺም ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ አትዘኚ።

ክር ማቅለሚያ እሠራለሁ ማለትሽን አልረሳሁትም። ይህን ስሚ። ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነበር። ፓሪስ ውስጥ ጎብለን በሚባለው የመንግሥት የሽመና ቤት የማቅለሚያው ኃላፊ ነበር። ሸማኔዎቹ "ጥቁሩ ክር ጥቁር አይደለም፤ ደብዝዟል" እያሉ ይከሱ ነበር። እሱ ክሩን መረመረ። ክሩ ምንም ጉድለት የለበትም። ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ነበር። ቀለም በጎረቤቱ ይለወጣል ብሎ በ1839 መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ እነሱራ ያንን ይዘው ሥዕል ሠሩበት። ዘዴው የተወለደው አንቺ በምትሠሪበት ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ብጨምር ደስ ይለኛል። የሱራ ትልቁ ሥዕል፣ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ገደማ የሆነው የእሑድ ከሰዓቱ፣ በ1886 ለሕዝብ ታየ። ዛሬ ቺካጎ ነው ያለው። የኛን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት የሰላሌው ሰው አለ ፈለገ ሰላም የተማሩት እዚያው ቺካጎ፣ ያ ሥዕል በተሰቀለበት ተቋም ነው።

---

መንዜው መምህር (መሐል ሜዳ)

እህቴ፣ እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። ሳይንስ ነው የማስተምረው። ግን በረዶ አላየሁም ማለትሽ አልተዋጠልኝም።

ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤትሽ ውጪ። ሌሊቱ ጥርት ያለ ከነበረ ሣሩ ላይ አመዳይ ታገኛለሽ። አባቶቻችን ያንን ነጩን ውርጭ አመዳይ ነው የሚሉት። ፀሐይዋ ስትወጣ አትግቢ፤ ቆመሽ ጠብቂ። ፀሐይ የነካው በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጤዛ ሆኖ ይጠፋል። የማይጠፋው የቤቱ ጥላ ያረፈበት ነው። የጎጆው ክዳን፣ የአጥሩ እንጨት፣ የባሕር ዛፉ ግንድ፣ ሁሉም በመሬቱ ላይ በነጭ ተስለው ይቆያሉ። ጥላው ነጭ ነው! እኔ ይህን በየዓመቱ ተማሪዎቼን አወጣና አሳያቸዋለሁ።

አሁን ያንን በጥላ ውስጥ ያለውን ነጭ አተኩረሽ እዪው። ፀሐይ አላገኘችውም። ታዲያ ብርሃኑ ከየት ይመጣለታል? ከሰማዩ ነው። ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ነጩም ሰማያዊ ነው። ቀለም ደባላቂ የነገረሽ ሐምራዊና ሰማያዊ ከዚህ ነው የሚመጣው። ደመና በሸፈነው ቀን ደግሞ ግራጫ ይሆናል። ነጭ ነገር የራሱ ቀለም የለውም፤ የሰጡትን ይለብሳል።

ለልስላሴው ደግሞ በደጋን የተነደፈ የበግ ፀጉር ተመልከቺ። እናቴ ለባና ስትነድፍ የሚወጣው ክምር ጠርዝ የለውም። የት እንደሚያልቅና የት አየር እንደሚጀምር አታውቂም። የሰላ ድንጋዩ ወንድማችን ያለው መዶልዶም እሱ ይመስለኛል።

---

አንኮበሬው

ሁላችሁም ደግ ሰዎች ናችሁ። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ከልቤ ስለሆነ አትቀየሙኝ።

ለምን ፓሪስ? ደብረ ብርሃን እኮ ስሟ የመጣው ከብርሃን ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ የወረደ ብርሃን አይቶ ነው ከተማውን የቆረቆራት ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ብርሃኗ የትም የለም። ጣርማበር ላይ ጉሙ ከዋሻው ሲወጣ ያየ ሠዓሊ ሌላ ምን ይፈልጋል? አፈወርቅ ተክሌ የተወለደው እዚሁ አንኮበር ነው። ለንደን ተምሮ ተመለሰና የራሱን አገር ሣለ። እህታችን የሌላ ሰው ጎዳና በነጥብ በነጥብ ስትገለብጥ ዓመቷን ብትጨርስ ያሳዝነኛል። ክረምት ላይ በረዶ የደብረ ብርሃኑን ጠባሴን ሲያለብሰው ትሳለው። ጋሪው፣ ፈረሱ፣ የኩበቱ ጭስ። ያ ነው የሷ።

---

ቀለም ደባላቂ (አዲስ አበባ)

አንኮበሬው፣ ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ግን መገልበጥ መማሪያ ነው፤ ማንም ሠዓሊ ሳይገለብጥ አልተማረም። ደግሞ ይህ ሥዕል የተጠየቀው ለአንዲት እናት ነው። እሳቸው ጠባሴን በየቀኑ ያዩታል። የጠፋባቸው ሌላው መንገድ ነው።

እስቲ ሁለት ነገር ልጨምር። ቫን ጎግ የካቲት 1888 ላይ ፀሐይ ፍለጋ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ አርል ሄደ። ሲደርስ ስልሳ ሴንቲሜትር በረዶ ጠበቀው። ለወንድሙ ሲጽፍ ገጠሩ ጃፓኖች የሣሉትን የክረምት ሥዕል መሰለኝ አለው። ፈረንሳይን በጃፓን በኩል ነው ያያት። አንዱን ሥዕል ከተማዋን ከሩቅ አድርጎ ሠራው፤ ሌላው ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ከውሻው ጋር በቀለጠው በረዶ መሐል ይሄዳል። በረዶው መሬቱን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነውም፤ ቡናማውና አረንጓዴው ከሥር ይወጣል።

ጎጋን ደግሞ የበለጠ ነው። በ1903 ማርኬሳስ ደሴቶች ላይ፣ ሙቀት አገር፣ ሲሞት ጎጆው ውስጥ ከተገኙት ሥዕሎች አንዱ በረዶ የለበሰ የብሪታኒ (የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር) መንደር ነበር። የሣር ክዳን ቤቶች፣ ከኋላ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። መንዜው መምህር ቢያየው ሰፈሬ ነው የሚል ይመስለኛል። ታሂቲ ደሴት፣ ፓፔቴ ላይ ንብረቱ ለጨረታ ሲወጣ ሥዕሉን ገልብጠው ይዘው የኒያጋራ ፏፏቴ ነው አሉት ይባላል። በረዶ የማያውቅ ሰው የተገለበጠ ጣሪያ ውሃ መሰለው። የገዛው ቪክቶር ሴጋለን የሚባል የባሕር ኃይል ሐኪም ነበር፤ ዛሬ ኦርሴ ሙዚየም ነው ያለው። ያ ሰው ዘንባባ ሥር ተቀምጦ በረዶውን አልጣለውም።

እህቴ፣ ቀጥይ።

---

የበሬሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንኮበሬው፣ አልተቀየምኩም። ጠባሴንም እስለዋለሁ፤ ቃሌ ነው። መጀመሪያ ግን ይኼ ይለቅ።

መምህሩ ባሉት ጠዋት ወጥቼ ምን እንዳየሁ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እጽፋለሁ።

---

የበሬሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ነገ ብዬ ስድስት ሳምንት ቆየሁ። ይቅርታ።

አራት ጠዋት ወጣሁ። ሦስቱን ቀን ደመና ነበር፤ ውርጭ አልጣለም። በአራተኛው ሣሩ ሁሉ ነጭ ነበር። ካርቶኔን ይዤ ነበር። ሌላም ነገር ይዤ ነበር፤ ከማቅለሚያው ክፍል የተጣሉ የክር ቁርጥራጮች። በረዶ ስስል የማላውቀውን ቀለም በማውቀው ልለካው ብዬ ነው።

ያልቀለመውን ክር፣ እኛ ነጭ የምንለውን፣ ፀሐይ ገና ሳትነካው አመዳዩ ላይ አስቀመጥኩት። ቅቤ መሰለ። ቢጫ! በየቀኑ በእጄ የምይዘው ነጭ ክር ነው። ከዚያ ግራጫዎቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ። አልገጠሙም፤ ሁሉም ሞቅ አሉ። የገጠመችው ፈዛዛዋ ሰማያዊ ናት። ለምንጣፍ ጠርዝ የምናቀልማት፣ ፀሐይ የከረመባት ሸሚዝ የምትመስል። እሷን በአጥሩ ጥላ ውስጥ አመዳዩ ላይ ሳስቀምጣት ጠፋች። ሣሩ ላይ ክር እንዳለ አይታወቅም። ተንበርክኬ በጣቴ ፈለግኋት።

እዚያው ተንበርክኬ ፀሐይዋ ወጣች። መምህሩ እንዳሉት ነው። ብርሃኑ እንደ ምንጣፍ እየተጠቀለለ መጣና ነጩን ወሰደው፤ የአጥሩ ጥላ ብቻ በነጭ ቀረ። ጠርዙ ላይ፣ ብርሃንና ጥላ በሚነካኩበት፣ ቀጭን ሮዝ መስመር ነበረ። ሲኛክ ያንን ሮዝ ከየት እንዳመጣው አሁን ገባኝ። ፓሪስ ያለችው ፀሐይም ይችው ናት።

የሼቭረል ነገር ደግሞ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ከሦስት ዓመት በፊት ድሮ የምሠራበት ቦታ ጥቁሩ ደብዝዟል ተብሎ አርባ ጥቅል ክር መልሰውብናል። ከደመወዛችን ቆረጡ። እንደገና አቀለምነው፤ እንደገና ደበዘዘ አሉ። ምንጣፉ ላይ ጎኑ ያለው ሰማያዊ ነበር። ክሩ ጥፋት እንዳልነበረበት አሁን ነው ያወቅሁት። ያኔ ባውቅ ሁለቱን ክሮች አለያይቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላቸው ነበር።

የሥዕሉን ነገር ልንገራችሁ። ሸራውን መጀመሪያ ኦከር በሚባለው የአፈር ቢጫና በአኳራጅ በቀጭኑ አቀለምኩት። ነጭ ሸራ ላይ ነጭ በረዶ ዓይኔን ያሳስተኝ ነበር። ከዚያ የጥላውን ሰማያዊ ብቻ አስቀምጬ ስምንት ቀን ጠበቅሁ። ሐምራዊውን ጨመርኩ፤ ሰባት ቀን። ክሬሙን። ከዚያ ሮዙን፣ በጣም ትንሽ። በየመሐሉ መነካካት አማረኝ፤ እጄን ያዝኩት። ሰው የረገጠበትን ቦታ ለየሁ። መሐል መንገዱ ላይ ቡናማው ከሥር እንዲታይ ተውኩት። ንጹሕ ነጭ የነካሁት አራት ቦታ ነው።

ትናንት ለእማማ ይዤላቸው ሄድኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በሩን አስከፈቱኝ፤ ብርሃን እንዲገባ። ብዙ አዩት። እጃቸውን ዘርግተው የበረዶውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ነኩት፤ ደርቆ ነበር፣ ተመስገን። "እህ፣ ይኼ ይሰምጣል" አሉ። መስመጡ ነው ደስ ያላቸው።

ከዚያ "ልጄስ?" አሉኝ።

ይህን ጠብቄው ነበር። ከቫን ጎግ ተምሬ ጎዳናው ላይ በግራ በኩል አንድ ሰው አስገብቻለሁ። አምስት ጭረት ነው። ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ቡናማ ራስ። አሳየኋቸው። ጠጋ ብለው አዩት። ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። "ኮቱ ስስ ነው። በዚህ ብርድ ኮት ብቻ! ጋቢ ደርቢለት እንጂ" አሉኝ።

እሺ እማማ ብዬ ሸራውን ይዤ ተመለስኩ። አሁን ፊቴ ቆሟል። ቀለም ደባላቂ፣ ወንድሜ፣ በነጭ በረዶ ላይ ነጭ ጋቢ እንዴት ይሣላል? ሰውየው ደርቋል። በክር ለካሁት፤ ያልቀለመው ክር በረዶው ላይ ቢጫ ይሆናል። ጋቢውን በሱ ልጀምረው?

---

ቀለም ደባላቂ (አዲስ አበባ)

በሱ ጀምሪው። ነጭ፣ ጫፍ የነካ ቢጫ ኦከር፣ ከበረዶው ሞቅ ያለ። ጥላ በሆነው ትከሻ በኩል ያቺን የጠፋችብሽን ሰማያዊ አስገቢ፤ እዚያ ላይ ጋቢውና በረዶው ይገናኙ፣ ጠርዝ አታብጂለት። በሌላው ትከሻ ጥቁሩ ኮት በስሱ ይታይ። ጥለት ካለው መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጭረት፣ በትንሿ ቡሩሽ።

---

የሰላ ድንጋይ ልጅ (ሚኒያፖሊስ)

እዚህ ዛሬ ሌሊቱን ሲጥል አድሯል። ጋቢውን እስከ ራሱ አከናንቢው፤ ጆሮ ነው ቀድሞ የሚቀዘቅዘው።